ከካሬ ወረቀት እስከ ተለዋዋጭ ብርሃን፦ ለኢንተርኔት የሚና ጨዋታዎች ስለሚዘጋጁ ዲጂታል ካርታዎች የቀረበ ዳሰሳ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ አጫዋች ሆኖ አካባቢውን፣ ጠላቱንና ድንገተኛውን ሁሉ በቃል እየገለጸ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ድርጊት በዳይስ እየተወሰነ፣ በጋራ ታሪክ የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ቀዳሚውና እጅግ የታወቀው በ1974 በአሜሪካ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር የጠረጴዛውን ቦታ የያዘው ቨርቹዋል ቴብልቶፕ የሚባለው ሶፍትዌር ሆነ፤ ይህም ካርታው፣ የገጸ ባሕርያቱ ምልክቶች የሆኑት ቶክኖችና ዳይሱ በየቤቱ ባለው ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ የሚታዩበት የጋራ ሰሌዳ ነው። ከዚህ በኋላ ሰሌዳ እየተባለ የሚጠቀሰው እርሱ ነው።

ለዚህ ሰሌዳ ካርታ ማዘጋጀት ሲባል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ሥዕሉን ነው፤ የድንጋዩን ወለል፣ የወንዙን ቀለም፣ የዛፉን ጥላ። ጉዳዩ በሙሉ ሲመረመር ግን ሥዕሉ ከሥራው ትንሹ ክፍል ሆኖ ይገኛል። የጨዋታ ካርታ ከሌሎች ካርታዎች የሚለየው ሁለት ዓይነት ተመልካች ስላለው ነው፤ አንደኛው ሁሉን የሚያውቀው አጫዋች፣ ሁለተኛው ምንም ሳያውቅ የሚገባው ተጫዋች። ዝግጅቱም በመሠረቱ ይህን የእውቀት ልዩነት የመጠበቅ፣ ልዩነቱ በምን ፍጥነትና በማን ድርጊት እየጠበበ እንደሚሄድም አስቀድሞ የመወሰን ሥራ ነው። የዲጂታሉ ዘመን ለዚህ ሥራ ብዙ መሣሪያ አምጥቷል፤ ከመሣሪያዎቹ ጋር ግን ካርታውን የሚያነሣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱን ለውጧል።

የእውቀቱ ልዩነት ራሱ ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። የፕሩሲያው የጦር መኮንን ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ በ1824 ያሳተመው ክሪግስሽፒል የተባለ የጦርነት ጨዋታ የሚካሄደው 1፡8000 በሆነ መስፈርት በተነሣ የመልክዐ ምድር ካርታ ላይ ነበር። ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ያቀርባሉ፤ ዳኛውም ኮረብታውንና ጫካውን ከግምት አስገብቶ፣ አንዱ ወገን በእርግጥ ሊያየው የሚችለውን የሌላውን ጦር ብቻ በካርታው ላይ ያኖራል። ዛሬ በሰሌዳዎቹ ላይ «የጦርነት ጭጋግ» እየተባለ በአንድ ጠቅታ የሚበራና የሚጠፋው ነገር ያን ጊዜ የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲያሳትሙት፣ የመጀመሪያው እትም በ1,000 ቅጂ የቀረበ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍትን የያዘ ሣጥን ነበር። ከዚያ ቀደም አርነሰን ብላክሙር ብሎ በሰየመው ምናባዊ ምድር፣ ከአንድ ግንብ ሥር የተዘረጋ የዋሻና የእስር ቤት ውስብስብ በካሬ ወረቀት ላይ ነድፎ ያጫውት ነበር፤ ዳንጀን የሚለው ቃል በጨዋታው ቋንቋ የሚያመለክተው እንዲህ ያለውን የምድር ውስጥ ውስብስብ ነው። አጫዋቹ ንድፉን ደብቆ ይይዛል፣ «መተላለፊያው ወደ ሰሜን 60 ጫማ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል» እያለ ይናገራል፤ ከተጫዋቾቹ መካከልም አንዱ ካርታ ነሺ ሆኖ የሰማውን በራሱ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። በዚህ አሠራር ተጫዋቾቹ እጅ የሚገባው ካርታ የጨዋታው ውጤት እንጂ የዝግጅቱ አካል አልነበረም። ስሕተቱም የጨዋታው አካል ነበር፤ የቆዩት ዳንጀኖች ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ መተላለፊያና ሰውን ሳያውቀው ወደ ሌላ ክፍል የሚያዛውር ወጥመድ የሚያበዙት፣ ካርታ ነሺውን ለማሳሳት ሆን ተብሎ ስለተነደፉ ነው።

በዚያ ዘመን በንድፍ ጥበብ ስማቸው ከሚነሣው አንዷ የሆነችው ጄኔል ጃክዌይስ በ1979 ያወጣችው የትሬሺያ ዋሻዎች የተባለ ሥራ፣ ብዙ መግቢያ፣ ዞሮ የሚገናኝ መንገድና ፎቆችን በተለያየ ቦታ የሚያያይዝ ደረጃ ስላለው፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን አካሄድ እንዲመርጡ የሚያስገድድ ካርታ ምሳሌ ሆኖ እስካሁን ይጠቀሳል። ዲጂታል ካርታ የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ሥራ የሚማረው ከማንኛውም የቀለም ብሩሽ ትምህርት ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ብቻ ያለው ካርታ የቱንም ያህል ቢያምር ቀጥ ያለ መተላለፊያ ከመሆን አያልፍም። ቲ.ኤስ.አር. የተባለው የጨዋታው አሳታሚ በተመሳሳይ ዘመን ካርታዎቹን ተነጥሎ በሚወጣው የመጽሐፉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በሰማያዊ ቀለም ያትም ነበር፤ ያው ሽፋን ሲቆም አጫዋቹን ከተጫዋቾች ዓይን የሚጋርድ መከለያ ይሆናል። መደበቅ እስከ ሽፋን ወረቀቱ ድረስ የታሰበበት ጉዳይ ነበር።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው የጨዋታው እትም ውጊያውን በፍርግርግ ላይ፣ አንዱ ካሬ 5 ጫማ (1.5 ሜትር ገደማ) ሆኖ እንዲካሄድ ሲያጠናክረው፣ በየጠረጴዛው ላይ በውሃ በሚጠፋ እስክሪብቶ የሚጻፍበት የቪኒል ምንጣፍ ተዘረጋ። አጫዋቹ ክፍሉ በተከፈተ ቁጥር በተጫዋቾቹ ፊት እየሣለ ይገልጠዋል፤ ካርታ ነሺው ግን ሥራ እየፈታ ሄደ። ሰሌዳዎቹ የወረሱት ይህን ዓይነቱን ጠረጴዛ ነው።

ስለ ሰሌዳዎቹ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ፋንታሲ ግራውንድስ በ2004 ወጣ፤ ማፕቱል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተከተለው፤ ሮል20 በ2012 በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ሆኖ መምጣቱ ምንም ነገር መጫን የማይሹትን ብዙዎች ሳበ፤ ፋውንድሪ ደግሞ በ2020 አንድ ጊዜ ተገዝቶ በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚስተናገድ ሆኖ ሲወጣ ዓለም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶባት ነበርና ብዙ ተጠቃሚ አገኘ። አውልቤር ሮዲዮን የመሰሉት ደግሞ ካርታ ማሳየትና ቶክን ማንቀሳቀስ ብቻ ላይ በማተኮር የቀላልነትን መንገድ መረጡ። ልዩነታቸው ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው፦ አንዳንዱ ሰሌዳ ካርታን እንደ ምስል ብቻ ይቀበላል፣ ሌላው ግን ግድግዳ፣ በርና መብራት ያለው ቦታ እንዲሆን ይጠብቃል፤ የዝግጅቱ ድካም መጠንም ከዚህ ይመነጫል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የመስፈርት ጉዳይ ነው። ዲጂታል ምስል ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ፣ አዘጋጁ አንዱ ካሬ ስንት ፒክሰል እንደሚሆን መወሰን አለበት፤ ሮል20 ሳይነካ ሲቀር የሚጠቀመው 70 ሲሆን ፋውንድሪ 100 ነው። በአግድም 30፣ በቁመት 20 ካሬ ያለው ካርታ በ100 ፒክሰል ሲሠራ 3,000 በ2,000 ይሆናል። ፋይሉ በጄፔግ ወይም በዌብፒ ተጨምቆ ትንሽ ቢመስልም፣ በተጫዋቹ ኮምፒውተር ውስጥ ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ፒክሰል አራት ባይት ስለሚይዝ 24 ሜጋባይት የሚሆን የማስታወሻ ቦታ ይፈልጋል። ያንኑ ካርታ ለኅትመት የተለመደውን የ300 ፒክሰል ጥራት ሰጥቶ የሚጭን አዘጋጅ፣ ፒክሰሉን ዘጠኝ እጥፍ፣ ማስታወሻውንም 216 ሜጋባይት ያደርሰዋል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ልዩነት ግን ከቁጥር አይገባም። ብዙ የቆዩ የስልክ ግራፊክስ ክፍሎች በአንድ ጎን ከ4,096 ፒክሰል የሚበልጥ ምስል አይቀበሉም፤ እንዲህ ባለ ስልክ የሚገባ ተጫዋች ጥቁር ገጽ ብቻ ሲያይ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ችግር ፍርግርጉ ከሥዕሉ ጋር አለመገጣጠሙ ነው። በምስሉ ላይ ካሬዎች አስቀድመው ተሥለው ከሆነ፣ ሰሌዳው ደግሞ የራሱን ፍርግርግ በላዩ ስለሚዘረጋ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ቶክኑ ግማሹ ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ ወለል ላይ ይቆማል። ወርዱ 3,000 ፒክሰል የሆነና 43 ካሬ የተሣለበት ካርታ ለምሳሌ ይወሰድ። አንዱ ካሬ 69.77 ፒክሰል ገደማ ነው፤ ሰሌዳው 70 ብሎ ሲቆጥር በመጀመሪያው ካሬ ላይ ያለው ልዩነት ሩብ ፒክሰል እንኳ ስለማይሞላ ዓይን አያየውም። ልዩነቱ ግን በእያንዳንዱ ካሬ እየተደመረ በካርታው ቀኝ ጫፍ ላይ 10 ፒክሰል፣ ማለትም የአንድ ካሬ ሰባተኛ ይደርሳል። አዘጋጁ ግራውን ጥግ አስተካክሎ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ተጫዋቾቹ ምሥራቃዊው ክፍል ሲደርሱ ግን ቶክኖቹ ከበሩ ጋር አይገጥሙም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስሉን ወደ 3,010 ፒክሰል ወርድ ማስፋት። ካርታ ሸጠው የሚተዳደሩ ሠዓሊዎች ያንኑ ሥራ አንዴ በፍርግርግ፣ አንዴ ያለ ፍርግርግ የሚያቀርቡትም ገዢዎቻቸውን ከዚህ ለማዳን ነው።

የቆዩ ካርታዎችን ወደ ሰሌዳ ማምጣት የራሱ ወጥመድ አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የዳንጀን ካርታ ላይ አንዱ ካሬ አብዛኛውን ጊዜ 10 ጫማ ስለነበር፣ ዛሬ ወደሚሠራበት ባለ 5 ጫማ ካሬ ሲለወጥ እያንዳንዱ ካሬ ለአራት ይከፈላል። በወረቀት 40 በ30 ካሬ የነበረው 80 በ60 ይሆናል፤ በ100 ፒክሰል ሲሠራ ደግሞ 8,000 በ6,000 ሆኖ 192 ሜጋባይት ይበላል። ብልህ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ዳንጀን በደረጃና በረጅም መተላለፊያ ላይ እየቆረጠ ወደ ሦስት ወይም አራት ገጽ ይከፍለዋል። መለዋወጡ የሚያመጣው ሌላ መዘዝም አለ፤ በወረቀት ላይ ጠባብ ይመስል የነበረው መተላለፊያ ሁለት ካሬ ስፋት ስለሚኖረው አንድ ተዋጊ ብቻውን በር ዘግቶ መቆም አይችልም፣ የውጊያው መልክም ይለወጣል።

የዝግጅቱ እምብርት ግን ግድግዳው ነው። ተለዋዋጭ ብርሃን በሚባለው አሠራር አዘጋጁ በምስሉ ላይ፣ ተጫዋቾች የማያዩዋቸውን ቀጥ ያሉ መስመሮች በግድግዳዎቹ ላይ ይዘረጋል፤ ሶፍትዌሩም ከእያንዳንዱ ቶክን ተነሥቶ እስከነዚህ መስመሮች ጫፍ ድረስ ጨረር እየለካ፣ ያ ገጸ ባሕርይ ቆሞ ሊያየው የሚችለውን ቅርጽ ብቻ ያበራና ሌላውን ያጨልማል። ቶክኑ አንድ ካሬ በተራመደ ቁጥር ስሌቱ እንደገና ይሠራል። በራይስቪትስ ዳኛ ጭንቅላት ይሠራ የነበረው ፍርድ እዚህ ጂኦሜትሪ ሆኗል።

ጂኦሜትሪውም ትክክለኛነትን ይጠይቃል። መስመሩ በግድግዳው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ከተሠመረ ተጫዋቹ ድንጋዩን ራሱን ሳያይ ወለሉ በጥቁር ይቋረጥበታል፤ በውጨኛው ጠርዝ ላይ ከተሠመረ ደግሞ ቶክኑ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ብዙ ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ስለዚህ በግድግዳው ውፍረት መካከል ያሰምሩታል። በማእዘን ላይ ሁለት መስመሮች በሁለት ፒክሰል እንኳ ሳይነካኩ ከቀሩ፣ በዚያች ቀዳዳ ብርሃን እንደ ክር ሾልኮ በማዶው ያለውን ክፍል ያጋልጣል፤ አጫዋቹ ለሦስተኛው ስብሰባ ያቆየው ዘንዶ በመጀመሪያው ምሽት ጅራቱ ሲታይ ይገኛል። የተፈጥሮ ዋሻ ከሁሉ ይከፋል፤ አራት ማዕዘን ክፍል በአራት መስመር ሲያልቅ የዋሻ ጠመዝማዛ ጠርዝ በጥንቃቄ ከተከተሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን ይፈጃል፣ ስሌቱም ደካማ ኮምፒውተርን ያንቀራፍፋል። ጠርዙን በግምት፣ በረጃጅም መስመሮች መከተል በዓይን ምንም አያጎድልም።

መስመሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። መስኮት እይታን ያሳልፋል፣ ሰውን ግን አያሳልፍም፤ መጋረጃ በተቃራኒው ሰውን አሳልፎ እይታን ይከለክላል፤ በር ሲከፈት ሁለቱንም ያሳልፋል፤ ምስጢራዊ በር ለአጫዋቹ በር፣ ለተጫዋቾቹ ግን ግድግዳ ሆኖ ይታያል። በፋውንድሪ ላይ ለእነዚህ ሁሉ የየራሳቸው የመስመር ዓይነት አለ። የብርሃን ምንጮቹም ከጨዋታው ሕግ ጋር መስማማት አለባቸው። በአምስተኛው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም ችቦ 20 ጫማ ደማቅ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህም በሰሌዳው ላይ አራት ካሬና አራት ካሬ ማለት ነው። በጨለማ የሚያዩ ፍጥረታት አብዛኛውን ጊዜ 60 ጫማ፣ ማለትም 12 ካሬ ያያሉ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሠዓሊዎች ደስ አይልም፤ ብዙ ሰዓት የፈጀው የወለል ምንጣፍ በጨዋታው ወቅት የሚታየው ከመካከሉ ስምንት ካሬ በሚዘረጋ ክበብ ውስጥ፣ ሦስት አራተኛውም በደብዛዛ ብርሃን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ውጤቱ እጅግ ያስደንቃል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። አንደኛው፣ ሰሌዳው የታየውን ሁሉ እያስታወሰ በደብዛዛ ቀለም ያቆየዋልና ካርታ የማንሣቱን ሥራ በራሱ ይሠራል፤ ተጫዋቹ መንገዱን ማስታወስ፣ መጠርጠርም ሆነ መሳሳት አያስፈልገውም። የቆዩት ወጥመዶች በሰሌዳ ላይ ጥርስ የሌላቸው ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ክበብ ብቻ ስለሚያይ፣ አጫዋቹ «ምን ታያላችሁ» ብሎ በቃል የሚገልጽበት ጊዜ ያጥራል፤ ዓይን ጆሮን ይቀድመዋል። ሽታው፣ ድምፁና ቅዝቃዜው፣ ማለትም ምስል የማይሸከመው ነገር ሁሉ፣ ከጨዋታው ይጎድላል። በእጅ የሚገለጥ ቀላል ጭጋግ፣ አጫዋቹ ክፍሉን በቃል ገልጾ ሲያበቃ የሚከፍተው፣ ለአብዛኛው ቡድን ከተለዋዋጭ ብርሃን የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝግጅቱም ከሰዓታት ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል። ተለዋዋጭ ብርሃን በእርግጥ ዋጋውን የሚያወጣው ማን ማንን እንደሚያይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሌሊት ሰርጎ ገብነት ወይም በጠላት አድፍጦ መጠበቅ ላይ ነው።

መደበቅን በተመለከተ አንድ ቴክኒካዊ እውነት መጠቀስ አለበት። በብራውዘር በሚሠሩ ሰሌዳዎች ላይ ጭጋጉ ስክሪኑን ይሸፍናል እንጂ ምስሉን አይቆርጠውም፤ ሙሉው የካርታ ፋይል ወደ እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ይወርዳል፣ የብራውዘሩን የውስጥ መሣሪያ መክፈት የሚያውቅ ሰውም ሊያየው ይችላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ምስጢራዊውን በር በቀይ ምልክት አድርጎ በጭጋግ መተማመን አይበጅም፤ ምልክቱ ለአጫዋቹ ብቻ በሚታየው ንብርብር ላይ መቀመጥ አለበት። የፋይሉ ስምም ቢሆን «የከሃዲው ንጉሥ መቃብር» ከሚባል በቁጥር ቢጠራ ይመረጣል።

ሥዕሉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ዛሬ ብዙ መልስ አለው። ካምፔን ካርቶግራፈር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በምሕንድስና ንድፍ ሶፍትዌር አምሳል ሲያገለግል ቆይቷል። ኢንካርኔት በብራውዘር ውስጥ፣ ዳንጀንድራፍት ደግሞ በኮምፒውተር ተጭኖ፣ የተዘጋጁ ዛፎችን፣ በርሜሎችንና ድንጋዮችን እየለጠፉ ካርታ ለመሥራት ያስችላሉ፤ ዳንጀን አልኬሚስት ክፍሉን ከነዕቃው በራሱ ሞልቶ ያቀርባል፤ አዝጋር የሚባለው ነጻ መሣሪያ አህጉርን ከነወንዙና ከነግዛት ወሰኑ ያመነጫል። እነዚህ ሁሉ አዘጋጁን ከሥዕል ችሎታ ነጻ አድርገውታል፤ በለውጡም የካርታዎቹ መልክ እየተመሳሰለ መጥቷል፣ ያው በርሜል፣ ያው የእሳት ምድጃ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው የጥቁርና ነጭ መስመር ካርታ ነው። ዳይሰን ሎጎስ በሚለው ስም የሚታወቀው ካናዳዊ ካርታ ሠሪ፣ በግድግዳው ዙሪያ ያለውን ጠጣር ድንጋይ በአጫጭር የተቆላለፉ ጭረቶች የሚያመለክት ዘይቤው በሰፊው ተቀድቷል። በዚህ ዘይቤ ጭረት ያለበት አይታለፍም፣ ባዶ የሆነው ወለል ነው፤ ሌላ ምንም አይነገርም። ይህ ባዶነት እንደ ድህነት መታየት የለበትም። በሙሉ ቀለም የተሠራ ክፍል ውስጥ ስድስት ወንበር ከተሣለ በክፍሉ ያለው ስድስት ወንበር ነው፤ ተጫዋቹ «በአጠገቤ መሰላል አለ ወይ» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም፣ አለመኖሩን አይቷልና። ባዶ ወለል ላይ ግን ጥያቄው ይነሣል፣ አጫዋቹም መልስ ይፈጥራል። ለውጊያ የሚሆን ካርታ ዝርዝር ቢኖረው ይጠቅማል፣ ከለላ የሚሆነው አምድና የሚገለበጠው ጠረጴዛ የት እንዳለ መታወቅ አለበትና፤ ለፍለጋና ለንግግር የሚሆን ካርታ ግን ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ከ2022 ወዲህ በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚሠሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ወደዚህ ሥራ ገብተዋል። የሠዓሊዎቹ ቅሬታ፣ ማለትም ሥራቸው ያለ ፈቃዳቸው ለመሣሪያዎቹ ማሠልጠኛ መዋሉ፣ ከባድና እልባት ያላገኘ ነው፤ ከካርታ አንጻር ብቻ ሲታዩም ጉድለታቸው ግልጽ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሚማርክ ምስል ይሰጣሉ፤ ቀረብ ሲባል ደረጃው የትም አይደርስም፣ የአንዱ በር ስፋት ከሌላው አይስማማም፣ የተሣለው ፍርግርግም እኩል ያልሆኑ ካሬዎች ድርድር ነው። ካርታን ምስል ብቻ አድርጎ መቁጠር ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

በካርታው ላይ የሚጻፈው ስምም ትኩረት ይሻል፣ በተለይ በአማርኛ ለሚጫወት ቡድን። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ስሪት ውስጥ ቢገባም፣ በካርታ ሶፍትዌሮች የሚቀርቡት ያጌጡ የፊደል ቅርጾች በአብዛኛው ለላቲን ብቻ የተሠሩ ናቸውና «የንጉሡ በር» የሚለው ጽሑፍ በባዶ ሣጥኖች ይተካል ወይም ከካርታው ጋር በማይሄድ ሌላ ቅርጽ ይወጣል። አስተማማኙ መንገድ ግእዝን የሚይዝ ቅርጽ መርጦ ስሙን በምስሉ ውስጥ ማተም ነው፤ ሆኖም በምስል የታተመ ስም አይታረምም፣ ያልተደረሰበትን ቦታም ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ የከተሞቹ ስም በምስሉ፣ የክፍሎቹ ደግሞ በሰሌዳው የጽሑፍ መሣሪያ ቢሰፍር ይመቻል። በቀይና በአረንጓዴ ብቻ የተለዩ ምልክቶችም ሁለቱን ቀለማት መለየት ለሚያዳግተው ተጫዋች ምንም አይሉትም፤ ቅርጽ ወይም ቁጥር ሊታከልባቸው ይገባል።

ምን ያህል ይዘጋጅ ለሚለው ጥያቄ የተለያዩ ወገኖች የተለያየ መልስ አላቸው። አንዱ ወገን ካርታ ጨርሶ አያስፈልግም፣ ሁሉም በቃልና በምናብ ይሁን ይላል፤ ሌላው ወገን ተጫዋቾች ሊረግጡት የሚችሉት ቦታ ሁሉ መሠራት አለበት ባይ ነው። ሁለተኛው አቋም ሥውር አደጋ አለው፤ አሥር ሰዓት የፈሰሰበት ካርታ ያለው አጫዋች ተጫዋቾቹ ሌላ መንገድ ሲመርጡ ሳያስበው ወደ ካርታው ይመልሳቸዋል፤ የጨዋታው ነጻነት ድካምን ላለማባከን ሲባል ይሸረፋል። በመካከል ያለው አሠራር ውጊያ የሚጠበቅባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች በሙሉ አዘጋጅቶ፣ የቀረውን በክብና በመስመር በተያያዘ ንድፍ መያዝ፣ ለድንገተኛውም የጫካ፣ የመንገድና የመጠጥ ቤት ካርታ በመጠባበቂያ ማስቀመጥ ነው። ለምድረ በዳና ለረጅም ጉዞ ደግሞ ስድስት ጎን ያለው ፍርግርግ የተሻለ ነው፤ በእርሱ ከአንዱ ክፍል መካከል እስከ ስድስቱ ጎረቤቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለሆነ፣ በካሬ ላይ የሰያፍ እርምጃ የሚያመጣው የርቀት ጭቅጭቅ አይነሣም።

የተዘጋጀው ካርታ የማን ነው፣ ወዴትስ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። ምስሉ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ በቀላሉ ይሻገራል፤ በእጅ የተሠመሩት ግድግዳዎች፣ በሮችና መብራቶች ግን በተሠሩበት ሶፍትዌር ውስጥ ይቀራሉ፣ አዘጋጁ ሰሌዳ ሲቀይር ከመጀመሪያው ያሰምራቸዋል። ዩኒቨርሳል ቪ.ቲ.ቲ. የተባለው የፋይል ዓይነት ለዚህ ከፊል መፍትሔ ሆኗል። ይህ ፋይል የካሬውን ፒክሰል ቁጥር፣ የእይታ መከለያ መስመሮችን፣ የበሮቹን ቦታና መብራቶቹን በተራ ጽሑፍ መልክ ዘርዝሮ፣ ምስሉንም ወደ ፊደላት ለውጦ በዚያው ውስጥ ይይዛል፤ ምስሉ እንዲህ ሲለወጥ መጠኑ በሲሶ ያድጋል። ዳንጀንድራፍት ካርታው ሲሠራ ግድግዳውን አብሮ ስለሚያውቅ ፋይሉን ያለ ተጨማሪ ድካም ያወጣዋል፤ ሰሌዳዎቹም፣ አንዳንዶቹ በቀጥታ፣ ሌሎቹ በተጨማሪ ቅጥያ፣ ይቀበሉታል።

የባለቤትነቱ ነገር በጃንዋሪ 2023 በግልጽ ታየ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የሚገኝበት ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ፣ ከዚያ በፊት አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለውን የዲጂታል አገልግሎት በ146 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነበር፤ ከዚያም ዊዛርድስ፣ ሌሎች በጨዋታው ሕጎች እንዲጠቀሙ የሚፈቅደውንና ከ2000 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ክፍት ፈቃድ ለመለወጥ ባቀረበው ረቂቅ፣ ሰሌዳዎች የተለመደውን የቤት ጠረጴዛ እንዲመስሉ ይፈቀድላቸዋል፣ እንደ ማጂክ ሚሳይል ያለውን ድግምት በተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት ግን ከዚያ ያልፋል የሚል ድንበር አሰመረ። ጠረጴዛ የሚያበቃው፣ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምረውስ የት ላይ ነው የሚለው የብዙ ዓመት ክርክር በሕግ ቋንቋ ሊጻፍ ነበር ማለት ነው። በተነሣው ከባድ ተቃውሞ ረቂቁ ተሰረዘ፤ ኩባንያው በዚያው ወር በ27ኛው ቀን መሠረታዊ የጨዋታ ሕጎቹን ማንም እንዲጠቀምባቸው በሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀ። ፈቃዱ የሚሸፍነው ሕጎቹን ነው፤ በታተሙት የጀብዱ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ካርታዎች በኩባንያው የቅጂ መብት ሥር ናቸው፤ አንድ አጫዋች ከገዛው መጽሐፍ ላይ ካርታውን ስካን አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ለመጫወት በሰሌዳው ላይ ሲዘረጋውና ያንኑ ፋይል ግድግዳ አሥምሮበት ለሌላ ሰው ሲሸጠው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።